በባትሪው ላይ ነገር ያኖረ

ቁይ፣ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ አጥንት ለዘመናይ፤

ባሕር ከብቦሽ የምትኖሪውን ልጄን የባሕሩ ጌታ ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን። ሥራነሽ ጉንጭሽን ትስማለች። ጤፉ ገብቷል፣ ላሚቱ ወልዳለች። ጆሮዬ ግን እንደተወሽው ነው፤ ስልክ ሲያስይዙኝ ንፋስ ብቻ ነው የምሰማው። ስለዚህ በወረቀት ያዥኝ። መንገዱ አንድ ሰሞን ሲከፈት አንድ ሰሞን ሲዘጋ ነውና ደብዳቤው ቢዘገይ አትቀየሚ።

ጉዳዬ የጀልባ ነው። አትሳቂ። ከቁይ በታች ያለውን የመስኖ ግድብ ታውቂዋለሽ። ከዚህ ወጥቶ ባሕር ዳር የከበረ አንድ ነጋዴ ለማኅበራችን የመዝናኛ ጀልባ ሰጠን። ነጭ ናት፤ የሸራ ጥላ አላት፤ ከኋላዋ ሞተር፣ ከወንበሯ ሥር ሁለት ቀንድ ያለው አዲስ ባትሪ። ኅዳር ሲያልቅ በአይሱዙ ተጭና ገባች። ሙሽሮችን ልናንሸራሽርባት፣ በገቢው ቦዩን ልናሠራበት ነበር። የማኅበሩ ሊቀ መንበር እኔ ነኝ። በውሃ ላይ እንኳ አንድም ቀን አልወጣሁባት፤ ውሃ እፈራለሁ፤ ይህን ለሰው አልተናገርሁም። የሚነዳት የየዓለምዘርፍ ልጅ ይስማው ነው። ባሕር ዳር ጀልባ ሠርቶ ያውቃል።

እንግዲህ ጥር ላይ የመጀመሪያውን ሠርግ አወጣን። ጠዋት ሞተሩ እምቢ እምቢ ብሎ በስንት ልመና ተነሳ። መሀል ሲደርሱ ፎቶ እንነሳ ብለው አስጠፉት። ከዚያ ወዲያ የለም። መብራቷ ቦግ ብሎ ይበራል፤ ቁልፉ ሲዞር ‹ጠቅ› ይልና መብራቱም ጭልም ይላል። ሙሽራይቱ በነጭ ልብሷ መሀል ውሃ ላይ ቀረች። ዋናተኛ ገመድ ይዞ ገባና የእኔን ጥማድ በሬዎች ጠምደን ጎተትናት። ቪዲዮ አንሺው ሁሉንም ቀረጸ። በብሉቱዝ ደብረ ማርቆስ ደርሷል ይላሉ። ገበያ ስወጣ ሰው ‹‹ሊቀ መንበር፣ በሬዎቹ ደህና ናቸው?›› ይለኛል። በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ ሆንሁ።

ይህ ነገር ባትሪው ስለተለወጠ ነው ብዬ አምናለሁ። አዲሱን ሸጦ አሮጌ አኑሮበታል። ማን? ቁልፉ ያለው ይስማው ዘንድ ብቻ ነበር። ‹‹ክዳኑን ልክፈትና ልየው›› ሲለኝ፣ ማስረጃ ሊያጠፋ ነው ብዬ ከለከልሁት፤ ቁልፉንም ተቀበልሁት። አንቺ የጀልባ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አይደለሽ? የተለወጠ ባትሪ በምን እንደሚታወቅ ጻፊልኝ። በሽማግሌ ፊት የማቀርበው ነገር እፈልጋለሁ።

አጎትሽ ካሴ


ሊማሶል፣ ቆጵሮስ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአሳዳጊዬ ለጋሼ ካሴ፤

ጤናዎን እየለመንኩ ነው የምጽፈው። እትዬ ሥራነሽን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ጾሙ ከነገ ወዲያ ይገባል፤ እኔም እዚህ እንደቻልኩ እይዘዋለሁ። በጸሎትዎ አይርሱኝ።

በበሬዎቹ ስቄያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። የምሠራበት ቦታ ድረስ ይዤው ሄጄ ለአለቃዬ ስነግረው እሱም ሳቀ። ኋላ ግን ‹‹መብራቱ ደህና ከበራ፣ ቁልፍ ሲዞር ከጨለመ፣ ባትሪው ምን አጠፋ?›› አለኝ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ጋሼ፣ በግድቡ ላስረዳዎት። ግድቡ ሙሉ ሆኖ ቦዩ ቢደፈን ማሳው ይደርቃል። ጎመን ለማጠጣት የምትሆን ቀጭን ውሃ ግን ታልፋለች። መብራቱ ጎመኑ ነው፤ ትንሽ ይበቃዋል። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ግን ብዙ ይጠጣል። እሱ ሲጠይቅ የተደፈነው ቦይ ይታወቃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚደፈነው ገመዱ ባትሪውን የሚነካበት ቦታ ላይ ነው፤ እርስዎ ቀንድ ባሉት ላይ።

ቴስተር ያለው ሰው ይፈልጉ፤ ቁይ ሬዲዮ የሚጠግን አይጠፋም። መጀመሪያ ሁለቱን ቀንዶች ራሳቸውን ይለካ። ቀጥሎ ቀንዱን ሳይሆን በላዩ የታሰረውን ማሰሪያ ይለካ፣ ያን ጊዜ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። በቀንዱ ላይ ያለው ኃይል በማሰሪያው ላይ ከጠፋ፣ ጥፋቱ በሁለቱ መካከል ነው፤ ባትሪው ንጹሕ ነው። የላስቲክ ቆቡን አንስቶ ከሥሩ ያለውንም ይይ። ደግሞ ይንገሩኝ፤ እምቢ የምትለው ጠዋት ነው ወይስ ቀንም? ፀሐይ ሲበረታስ?

እስከዚያ በይስማው ላይ አይፍረዱበት። እዚህ በመጣሁ ዓመት በቤት ሠራተኛነት የምሠራላት ሴትዮ የወርቅ ጉትቻዬ ጠፋ ብላ ልብሴን አስወልቃ ፈተሸችኝ። ጉትቻው ከራሷ ካፖርት ተገኘ። ‹‹አገኘሁት›› አለችኝ፣ በቃ፤ ሌላ ቃል አልወጣትም። ይህን ለእርስዎ ጽፌ አላውቅም፣ አፍሬ ነው። ያላጠፋሁትን እንኳ ሳስበው ዛሬም ፊቴ ይግላል። ይስማው በልጅነቱ ከእኔ ጋር ውሃ ሲቀዳ አውቀዋለሁ፤ ባትሪ የሚሸጥ ልጅ አይመስለኝም።

ልጅዎ ዘመናይ


ቁይ፣ መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘመናይ፤

ከጾሙ በረከት ያድርስሽ። ጉትቻውን ሥራነሽ ስትሰማ አለቀሰች። ሴትዮዋን እግዜር ይይላት።

ደብዳቤሽ ሲመጣ ‹ይስማው ባትሪ ሸጠ› የሚለው ወሬ ከእጄ ወጥቶ ነበር፤ ቢሆንም ያልሽውን አደረግሁ። ሬዲዮ ጠጋኙ መሳፍንት ቴስተሩን ይዞ ወረደ። እኔ ከዳር ቆሜ አየሁ። ቀንዶቹ ላይ ሙሉ ነው አለ። ማሰሪያው ላይ ሲለካ፣ ቁልፉ ሲዞር ኃይሉ ወደቀ። እንግዲህ ባትሪው አልተለወጠም፤ እዚህ ላይ አንቺ ልክ ነሽ። ያልሽውንም ጠየቅሁ፤ በብርዱ ጠዋት ፈጽሞ እምቢ ትላለች፣ ፀሐይ ጥላዋን ስታግለው ከቀትር በኋላ አንዳንዴ ትነሳለች።

ግን ስሚ። ቆቡ ሲነሳ ከሥሩ አረንጓዴ ነገር ተገኘ። ዝልግልግ ያለ፣ የከረፋ። መሳፍንት ‹‹ይኼ ዝገት አይደለም፣ ሰው ያኖረው ነገር ነው›› ብሎ እጁን በአፈር አሽቶ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ አልነካም አለ። ከዳር የቆመው ሰው ሁሉ አንድ ነገር አሰበ። የይስማው አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዲማ የተማረ ደብተራ ነበር። ቅጠልና ሥር ያውቃል ይባል ነበር። ጠዋት የምታስር፣ ማታ የምትፈታ መድኃኒት ምን ትባላለች? ልጁ በአባቱ ቅጠል ጀልባዋን አሰራት አልን። አልን ብዬ ምን እደብቅሻለሁ፤ መጀመሪያ ያልሁት እኔ ነኝ።

በዐውጫጭኝ ጥፋተኛው ይውጣ ተብሎ ሰው ሁሉ ተሰበሰበ። ይስማው ‹‹እኔ ቆቡን አንስቼው አላውቅም›› ብሎ ማለ። ማን ይመነው? ስለዚህ አባ ወልደ ገብርኤልን ለምኜ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግዝት አስነገርሁ። ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ‹‹በባትሪው ላይ ነገር ያኖረ፣ ሲያኖር ያየ፣ አውቆም የደበቀ የተገዘተ ይሁን፤ ከማዕድ ይለይ፣ እሳት አይጫር›› ተባለ። ሰውም አሜን አለ። አሁን የይስማውን እጅ የሚጨብጠው የለም። ሊያገባት የነበረችው ልጅ ቤተሰቦችም ሽማግሌውን መልሰውበታል። እናቱ የዓለምዘርፍ በመንገድ ስታገኘኝ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ትስባለች።

ልቤ ግን አላረፈም። ያ ሽታ ከየት እንደማውቀው እንጃ፣ አውቀዋለሁ። ለዚህ ዓይነቱ ነገር የሚሆን የፈረንጅ መድኃኒት ካለ ጻፊልኝ፤ ለፋሲካ ጀልባዋ እንድትሠራ ማኅበሩ ይጨቀጭቀኛል።

ካሴ


ሊማሶል፣ መጋቢት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአባት ለሆኑኝ ለጋሼ ካሴ፤

እግዚአብሔር ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ይህን ወረቀት ጽፌ ቀድጄዋለሁ፤ እንደገና ጽፌ ቀድጄዋለሁ። ያሳደገኝን ሰው እንዲህ ብዬ መጠየቅ ያሳፍረኛል። ቢሆንም ዝም ብል የባሰ አፍራለሁ።

ልጅ ሆኜ ያንን ዳልቻ በሬ ሲገዙ ትዝ ይለኛል። ከበረት ከመግባቱ በፊት እትዬ ሥራነሽ ለጋ ቅቤ በቅል ይዛ ወጣች። እርስዎ ግንባሩን ቀቡት፣ ከዚያ ሁለቱን ቀንዶች ከሥር እስከ ጫፍ እየመረቁ ቀቧቸው። ‹‹በእኛ ቤት የገባ ሁሉ እንዲህ ነው የሚገባ›› አሉኝ። እኔም ከቤት ስወጣ አናቴን ቅቤ ተቀብቼ ነው የወጣሁት፤ አውቶቡሱ ውስጥ አንገቴ ላይ ሲወርድ ስጠርግ ነበር።

ጀልባዋ የገባች ዕለት፣ ባትሪው ከገመዱ ጋር ሳይታሰር፣ እንደዚያ የተደረገ ነገር አለ? ካለ መልሱን ለእኔ አይጻፉልኝ። ለእኔ ምን ያደርግልኛል?

እኔ የማውቀውን ብቻ ልንገርዎ። ቅቤ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በማሰሪያውና በቀንዱ መካከል ከገባ፣ ጠዋት ረግቶ ይዘጋል፤ ፀሐይ ሲያቀልጠው ደግሞ ትንሽ ይከፍታል። ወር ሁለት ወር ሲቆይ ይበላሻል፤ መዳቡን እየበላ አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ይከረፋል። መድኃኒትም መተትም አይደለም። የቀባውም ሰው ክፉ ሰው አይደለም። በምርቃት ነው ያደረገው። እዚህ ድረስ ማንም አልበደለም።

ማጽዳቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ የመቀነስ ምልክት ያለበትን ማሰሪያ ይፍቱ፣ ቀጥሎ የመደመሩን። በሙቅ ውሃ የዳቦ ሶዳ በጥብጠው ማሰሪያዎቹን ይጠቡ፤ አረፋ ሲያወጣ አይደንግጡ። የባትሪውን ቀንዶች ግን በተነከረ ጨርቅ ብቻ ይጥረጓቸው። በብርጭቆ ወረቀት ሁሉም እስኪያበራ ይፈግፍጉ፣ ያድርቁ፣ የመደመሩን አስቀድመው አጥብቀው ይሰሩ። በብርዱ ጠዋት ራሱ ትነሳለች።

አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ብቻዎን አያጽዱት። ሰው ባለበት፣ ይስማው ባለበት፣ ከማጽዳትዎ በፊት ተናግረው ያጽዱት። ጀልባዋ መጀመሪያ ከተነሳች ነገሩ ሌላ ይሆናል።

ልጅዎ ዘመናይ


ሊማሶል፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ካሴ፤

ክርስቶስ ተነሣ። ፋሲካው እንዴት አለፈ? ደብዳቤ ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። መንገድ ተዘግቶ ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ትናንት ግን ደብረ ማርቆስ ካለች ጓደኛዬ ጋር በስልክ ስናወራ ‹‹የቁይ ጀልባ እኮ ተነሳች፤ ግዝቱ ሠራ አሉ። ልጁ ፈርቶ መድኃኒቱን አነሳ›› አለችኝ። ይስማውም አገር ለቆ ሄደ አለች። 

ጋሼ፣ እርስዎን መቆጣት አይገባኝም። ስሜን ያወጡልኝ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ግን ተቆጥቻለሁ፤ መቆጣቴም ያሳፍረኛል። ያንን ማጽጃ የጻፍኩት እኔ ነኝ። በእኔ እጅ ጽሑፍ ልጁ ሌባ ነበረ፣ መተተኛ ሆነ። እባክዎ የሆነውን ይጻፉልኝ።

ዘመናይ


ቁይ፣ ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዘመናይ፤

ቁጣሽ ደርሶኛል፤ ይገባኛል። ሰላምታው ይቅደም ብዬ ሥራነሽ ደህና ናት፣ ዝናቡም ጀምሯል እልሻለሁ እንጂ እጄ ለወግ አይታዘዝም።

አዎ፣ ቀብቻለሁ። ጀልባዋ ገና አይሱዙው ላይ ሳለች፣ ይስማው ነዳጅ ሊያመጣ ሲሄድ፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነኝና ባትሪውን መጀመሪያ የማስረው እኔ ልሁን ብዬ መኪናው ላይ ወጣሁ። ሥራነሽ ቅቤውን አቀበለችኝ። በሬ እንደምቀባ ቀባሁና አሰርሁት፣ ቆቡንም አለበስሁት። እሱ ሲመለስ ታስሮ አገኘው። ከዚያ ወዲያ ረሳሁት። ምርቃት በደል ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

ደብዳቤሽ ግን የደረሰኝ ዘግይቶ ነው፤ ጀልባዋ ከተነሳች በኋላ። ፋሲካ ሲቀርብ ማኅበሩ ቢጨቀጭቀኝ፣ ዝም ብዬ ዝገቱን ላጽዳ ብዬ ማለዳ ወረድሁ። ማሰሪያውን ፈትቼ በሙቅ ውሃና በዳቦ ሶዳ አጠብሁት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁትና አሰርሁት። ቁልፉን ባዞረው ሞተሩ ጮኸ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሰው ድምፁን ሰምቶ ወረደ። እልልታው ቀለጠ። አባ ወልደ ገብርኤልም ከሰው ጋር መጥተው ነበር፤ ግዝቱ ሠራ አሉ አሉ፤ በዚህ ጆሮዬ እኔ በደንብ አልሰማሁም። ሰው ሁሉ ዞሮ ይስማውን አየው። እሱ ቆመ፣ ቆመና ሄደ። የፋሲካ ማግስት ባሕር ዳር ገባ አሉ።

ኋላ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ነው ነገሩ የገባኝ።  በራሴ አፍ ያስነገርሁት ግዝት በራሴ ላይ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለንስሐ አባቴ ለአባ ወልደ ገብርኤል ሄጄ ነገርኋቸው። ‹‹በአደባባይ የታሰረ በአደባባይ ይፈታል፤ እኔ በጓዳ ልፈታው አልችልም›› አሉኝ።

ግንቦት ሃያ አንድ፣ የእመቤታችን ዕለት፣ ሕዝቡ ሳይበተን ድንጋይ በአንገቴ ተሸክሜ ወጣሁ። ሽማግሌ በልጅ ፊት ድንጋይ ሲሸከም ታይቶ አያውቅም፤ ልጁ ደግሞ የለም። ‹‹ነገሩን ያኖርሁት እኔ ነኝ፤ ቅቤ ነው፤ ሳላውቅ ነው›› አልሁ። ዘመናይ፣ ሳቁ። ቄሱ ራሳቸው አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ‹‹የባትሪ ቅቤ! ጉድ ነው!›› እያሉ ድንጋዩን አወረዱልኝ፤ ግዝቱም ተፈታ። ይረግሙኛል ብዬ የሄድሁ ሰው ተስቆብኝ ተመለስሁ። ያልሳቀችው የዓለምዘርፍ ብቻ ናት። ደጇ ሄጄ ይቅር በይኝ ብላት፣ ‹‹የተበደለው እሱ ነው፤ እኔ በሰው ፈንታ ይቅር አልልም›› አለችኝ።

መጀመሪያ በልጁ ላይ ማስረጃ ጠየቅሁሽ። አሁን ደግሞ ሌላ እለምንሻለሁ። አድራሻውን በሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ። የእኔን ደብዳቤ ሳይከፍተው መልሶታል። የአንቺን ይከፍታል። የሆነውን እንደ ነገርሁሽ ጻፊለትና ይመለስ። ሥራው ይጠብቀዋል። የልጅቱ ቤተሰቦችም ሽማግሌ እንዲላክ ፈቅደዋል።

አጎትሽ ካሴ


ሊማሶል፣ ሰኔ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ካሴ፤

ክረምቱ የምሕረት ይሁንልዎ። ድንጋዩን መሸከምዎን ሳነብ ቆሜ አነበብኩት። ለእርስዎ ምን ያህል እንደከበደ አውቃለሁ። በሥራ ቦታ ሳስበው ዓይኔ እንባ እያቀረረ ገመድ ሳስተካክል አረፈድኩ።

ለይስማው ጻፍኩለት። እንደነገሩኝ፣ ቃል በቃል። መልሱ በስልክ መጣ፤ ፎቶ አንስቶ ነው የላከው፣ አጭር ነው። ባሕር ዳር አንድ የጀልባ ማኅበር ቀጥሮታል። ቁይ አልመለስም አላለም፤ እመለሳለሁም አላለም። ቅቤው አላስቀየመውም። ‹‹አባቴም ቢሆን ይቀባው ነበር›› ይላል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፤ እንዳለው ልገልብጠው።

‹‹ሞተሩ የተነሳ ዕለት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር፣ ጋሼ ካሴ ቅቤው መሆኑን ያውቁ ነበር ወይስ ገና አላወቁም? ካላወቁ ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ፣ ነገ እመጣለሁ። ካወቁም ልወቀው።››

ጋሼ፣ ደብዳቤዬ ዘግይቶ ደረሰ ብለውኛል። የዳቦ ሶዳውን ማን እንደነገረዎት አልጠይቅም። እኔ ዳኛዎ አይደለሁም፤ ልጅዎ ነኝ። የሚሉኝን እጽፍለታለሁ። ‹‹አላውቅም ነበር›› ካሉኝ እሱን እጽፍለታለሁ፤ እጄን እያመመኝም ቢሆን። ግን መልሱን ከእርስዎ እጅ ሳላገኝ አልጽፍም።

ዘመናይ


ቁይ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘመናይ፤

ሰላምታ አላስቀደምሁም። ሰላምታ ካስቀደምሁ መሀል ላይ እሸሻለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ያ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከሆሣዕና በፊት ነው። ለሥራነሽም አነበብሁላት። ‹‹ሰው ባለበት›› ያልሽውንም አንብቤያለሁ። አንብቤ ነው ሰው የሌለበትን ሰዓት የመረጥሁ። ወረቀቱን ኪሴ ይዤ፣ ውሃ የምፈራው ሰውዬ ብቻዬን ጀልባዋ ላይ ወጥቼ፣ እንደጻፍሽው ተራ በተራ አደረግሁ። ልቤ የነገረኝ፣ ጀልባዋ በዝምታ ከተነሳች ነገሩ በዝምታ ይቀራል ነው። ሰው ይወርዳል ብዬ አልጠረጠርሁም።

አባ ወልደ ገብርኤል ‹‹ግዝቱ ሠራ›› ሲሉ ሰምቻለሁ። ለዚያስ ጆሮዬ ደህና ነበር። ሰው ሊጨብጠኝ ሲመጣ እጄ ያን የከረፋ ቅቤ ይሸት ነበርና ጋቢዬ ውስጥ ከተትሁት። ይስማው ከሰው መሀል ቆሞ ያየው የነበረ እኔን ነው። ሌላውን ሰው አላየም። እናገርለታለሁ ብሎ የጠበቀ ይመስለኛል። እኔም አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ በሬዎቹ ትዝ አሉኝ፣ ቪዲዮው ትዝ አለኝ፣ ገበያው ትዝ አለኝ። አገር ከሚስቅብኝ አንድ ልጅ አገር ቢለቅ ይሻላል አልሁ። በልቤ ነው ያልሁት፣ ግን ብያለሁ። በድንጋዩም ሥር ሆኜ ‹‹ሳላውቅ›› ብዬ ዋሸሁ፤ የተፈታልኝ ግዝት የውሸት ፍቺ ነው።

ዛሬ ጠዋት ለየዓለምዘርፍ ሄጄ ይህንኑ ነገርኋት። አልተቆጣችም። በሩን ዘጋችው። እሑድ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን እናገራለሁ፤ አባም አውቀዋል።

ለይስማው አታለስልሺለት፤ አርጅቷል፣ ፈርቶ ነው፣ አሳድጎኛል እያልሽ አታስታርቂኝ። ይመለስ ብለሽም አትለምኚልኝ። ያውቅ ነበር በይው።

ካሴ